እቃ እቃ፦ ለመደርደሪያ የሚሸጥ ጨዋታ

መጽሐፉ ጠዳ የገባው በአክስቴ ልጅ ሻንጣ፣ በሁለት ሹራብ መሃል ተጠቅልሎ ነው። ለጥምቀት ከአሜሪካ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልህ?» ብላ ደውላልኝ ነበር። ሰው ጫማ ያዛል፣ ስልክ ያዛል፣ ለእናቱ የግፊት መድኃኒት ያዛል። እኔ ያዘዝኩት በ2024 የወጣውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫዋቾች መመሪያ ነው (ዓመቶቹ ሌላ ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያውም ተራውን አይደለም፤ ሽፋኑ የተለየውን፣ በጨዋታ ሱቆች ብቻ የሚሸጠውን። ሻንጣው ሲከፈት አክስቴ መጽሐፉን አንስታ በእጇ መዘነችው። «ይኼ ሁሉ ኪሎ ለወረቀት?» አለች። እውነቷን ነው። በዛ ቦታ ሁለት ጥንድ ጫማ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ጎንደር ላይ ስንሰባሰብ ይዤው ሄድኩ። አራት ነን፦ እኔ ሶፍትዌር ሠሪ፣ አንድ ነርስ፣ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ፣ አንድ ደግሞ ዲግሪውን ይዞ ባጃጅ የሚያሽከረክር ጓደኛችን። ነርሱ ገና ከፍርፍሩ ሳይነሳ እጁን ወደ መጽሐፉ ሰደደ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ታጠብ!» አልኩት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሁሉም ዝም አሉ። አስተማሪዋ ምንም ሳትናገር ከቦርሳዋ አሮጌውን ፎቶ ኮፒ አወጣች፤ ሻይ የፈሰሰበት፣ ጥረዛው የላላ፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ የተሞላ። በሱ ተጫወትን። አዲሱ መጽሐፍ ከነፌስታሉ ከኔ ጋር ወደ ጠዳ ተመለሰ።

ከዛን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ያብሰለስለኛል። ያስመጣሁት ነገር ምንድን ነው? ጨዋታ ከሆነ ለምን አልተጫወትኩበትም? ጨዋታ ካልሆነስ ምን ብለው ሸጡልኝ?

ጨዋታው

የማያውቀው አንባቢ አይደንግጥ። በልጅነቱ እቃ እቃ የተጫወተ ሁሉ ግማሹን ያውቀዋል። እቃ እቃ ላይ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዱ እንግዳ ይሆናል። የሸክላ ስባሪ ድስት ነው፣ አፈር ሽሮ ነው፣ ቅጠል እንጀራ ነው። ማንም ያልጻፈው ታሪክ እዛው ይፈጠራል፤ እንግዳው ይኮርፋል፣ ወጡ ያርራል፣ ሳይታሰብ ሰርግ ይደገሳል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስና ዘመዶቹ (ከዚህ በኋላ የሚና ጨዋታ እላቸዋለሁ) በዚህ ላይ የጨመሩት ሁለት ነገር ነው፦ ሕግና ዕጣ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «በሩን በርግጄ እገባለሁ» ስትል ተራኪው «ጣል» ይልሃል። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ትጥላለህ፤ በሩ መከፈት አለመከፈቱን ቁጥሩ ይወስናል። የቀረው ወሬ ነው።

ወሬ ያልኩት አሳንሼው አይደለም። በአማርኛ ጨዋታ ማለት ወሬም ነው። እንግዳ መጥቶ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ኳስ አምጣ ማለታችን አይደለም። እንቆቅልሽንም አስቡት፦ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን የሚያህል ከተማ በአንድ ቃል አንስቶ ይሰጣል፤ የተቀበለውም እዛው ይሾምበታል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ ዜሮ ብር ነው። ደግሞ ስሙን ልብ በሉልኝ፦ እቃ እቃ በሚባለው ጨዋታ ላይ እቃው ዋጋ የለውም። ጨዋታው ሲያልቅ ስባሪው እዛው መሬት ላይ ይቀራል፤ ነገ ሌላ ስባሪ ይገኛል።

የአሳታሚው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ያልተሸጠው ነገር

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የመጀመሪያውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 ሲያወጡ ያሳተሙት አንድ ሺህ ቅጂ ነበር። ሦስት ትንንሽ ቡክሌቶች የእንጨት መልክ በተቀባ ካርቶን ውስጥ፣ በእጅ እየተገጣጠሙ፣ ዋጋው 10 ዶላር። ቶሎም በፎቶ ኮፒ ከእጅ እጅ ይዞር ጀመር። የዚህ ጨዋታ ጠባይ ከመጀመሪያው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ይገዛል፣ አምስት ሰው ይጫወታል። አንዱ መጽሐፍ ደግሞ አያልቅም። ሕጉን ካወቅከው ሃያ ዓመት ትጫወትበታለህ፣ ለልጅህም ታወርሰዋለህ። ለተጫዋች ይኼ በረከት ነው። ለሻጭ ግን ከዚህ የባሰ ምርት የለም።

ይኼን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ጨዋታውን የያዘው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ከ1999 ጀምሮ የሃስብሮ ንብረት ነው። በታኅሣሥ 2022 የሁለቱ ድርጅቶች አለቆች ለባለሀብቶች ሲናገሩ ከጨዋታው የሚገባውን ያህል ገንዘብ እያገኙ እንዳልሆነ ገለጹ። ምክንያቱም ተራኪዎች ከተጫዋቹ አምስት እጅ አንዱ ገደማ ሆነው ሳለ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ ይጫወታል። በወሩ አዲስ የፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ፤ በጨዋታው ሕግ ላይ ተመሥርተው ለሚሠሩ ሌሎች አሳታሚዎች ጠበቅ ያለ ነበር። ተጫዋቹ ተቆጣ፣ ተንጫጫ። ድርጅቱ ወደኋላ አፈገፈገና ጥር 27 ቀን 2023 (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ነው) 400 ገጽ ገደማ የሚሆነውን የሕጉን መሠረት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ይኼ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ላስረዳ ካልኩ፦ ሶርስ ኮዱ ለዘላለም ክፍት ሆነ።

የእኛ ፎቶ ኮፒ የመጣው ከዛ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ፋይሉን አወረድን፣ የሚያስፈልገንን 60 ገጽ መረጥን፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን አስጠረዝነው። ለአራት ተካፍለን የከፈልነው ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ሕጋዊም ነው። ነሐሴ ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ እኔ ሥራዬ ቆመ፣ ሁላችንም በጊዜ ቤት መግባት ጀመርን። በነዛ ወራት ቀን ቀን እየተገናኘን የተጫወትነው በዛ 60 ገጽ ነው። በወርኃዊ ክፍያ በኢንተርኔት የሚከፈተው የጨዋታው መተግበሪያ ለኛ የለም ማለት ነበር። ወረቀቱ ግን ነበረ። ውጭ የሚሆነው እንዳይሰማን ጮክ ብለን እናወራ የነበረ ይመስለኛል፤ ያኔ አላስተዋልኩትም። ያ ፎቶ ኮፒ ለኔ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

እንግዲህ ሕጉ ነፃ ከሆነ፣ ወሬውም ከድሮ ጀምሮ ነፃ ከሆነ፣ ለአሳታሚው ምን ይቀረዋል? እቃው። እቃ ለመሸጥ ደግሞ ተጫዋች አይበቃም፤ ሰብሳቢ ያስፈልጋል።

እንዳያመልጥዎ!

ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በየግድግዳው የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ይኼን ቃል አንብበነዋል። የሚና ጨዋታ አሳታሚዎችም የሚጠቀሙት ይኼንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ጋ በወርቅ ቀለም መጻፉ ነው። አካሄዳቸውን ሳየው አራት መንገድ አለው።

የመጀመሪያው ሽፋን ነው። ከ2016ቱ የቮሎ የጭራቆች መመሪያ ጀምሮ ዊዛርድስ ብዙዎቹን መጻሕፍት በሁለት ሽፋን ያወጣል፤ አንዱ በየትም ይሸጣል፣ ሌላው በአነስተኛ የጨዋታ ሱቆች ብቻ። ውስጡ ቃል በቃል አንድ ነው። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አለው፤ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ሻጮች ለሚያፍኑት የሰፈር ሱቅ አንድ የራሱ ነገር ይሰጠዋል። ግን ተጫዋቹ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከራሴ አይቻለሁ። ፎቶ ኮፒ እያለኝ፣ ተራው ሽፋን እያለ፣ «እሱን ሳይሆን ያኛውን» ብዬ ያዘዝኩት በየትኛው ሕግ ልጫወትበት ብዬ ነው? በየትኛውም። ያዘዝኩት ሌላው የሌለውን ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ነው። በ2018 ቢድል ኤንድ ግሪምስ የሚባል ድርጅት (ከመሥራቾቹ አንዱ የፊልም ተዋናዩ ማቲው ሊላርድ ነው) አንድ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጀብዱን ወስዶ በፕላቲነም ሳጥን አወጣው። መጽሐፉ ብቻውን 50 ዶላር ገደማ ነው፤ ሳጥኑ 499 ዶላር፣ ብዛቱም አንድ ሺህ። ካርታዎች፣ ትንንሽ ምስሎች፣ ጌጣጌጥ፣ በታሪኩ ውስጥ የሚገኙ ደብዳቤዎች አሉበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ከመንሳፈፉ በፊት ይኼ ዋጋ በባንክ ምንዛሪ 28 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ከተንሳፈፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ 50 ሺህን አለፈ። ዋጋውን ግን ለአፍታ እንተወው፤ የነሱ ገበያ እኛ አይደለንም። የሚገርመኝ የሳጥኑ ሁለት ልብ ነው። ግማሹ በእርግጥ ለጨዋታ የተሠራ ነው፤ ተራኪው «ደብዳቤ አገኛችሁ» ብሎ እውነተኛ ደብዳቤ ሲሰጥህ ደስ ይላል። ነገር ግን ያንኑ ሳጥን ውድ የሚያደርገው ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ቁጥሩ፣ ባለቤቱን «አትክፈተው» ይለዋል። በሰብሳቢ ገበያ ያልተከፈተ ከተከፈተ ይበልጣል። ደብዳቤው እንዲነበብ ተጻፈ፣ እንዳይነበብ ተሸጠ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ኪክስታርተር ላይ ጨዋታው ሳይታተም ገንዘቡ ይሰበሰባል። ሰዓቱ ወደታች ይቆጥራል፤ ገንዘቡ እዚህ ከደረሰ ሪባን ይጨመራል፣ እዚህ ከደረሰ የብረት ሳንቲም፣ እዚህ ከደረሰ የጨርቅ ካርታ። ብዙዎቹን ገጾች አንብቤያለሁ፤ መጀመሪያ የሚታየው የሽፋኑ ወርቅ ነው። ጨዋታው እንዴት እንደሚጫወቱት ለማወቅ አውራ ጣት እስኪደክም ወደታች መውረድ ያስፈልጋል። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ ያልተጠናቀቀ ጨዋታ ሊፈተን አይችልም። የሳጥኑ ፎቶ ግን ዛሬ ማታውኑ ያምራል።

አራተኛው ትዝታ ነው። ያ በ1974 በ10 ዶላር የተሸጠው ካርቶን ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ እንዴት እንደተሠራ የሚተርክ ትልቅ መጽሐፍ በ100 ዶላር ገደማ ወጣ። በታሪክ መጽሐፍነቱ አከብረዋለሁ፤ ረቂቆቹንና ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሌላኛው የዚሁ ድርጅት ትዝታ ግን ያስቃል። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለው የካርታ ጨዋታ የሚና ጨዋታ ባይሆንም ሻጩ አንድ ነው። በ2022፣ ለሠላሳኛ ዓመቱ፣ የ1993ቱን ካርዶች መልሰው አተሙና አራት ፓኬት፣ እያንዳንዱ 15 ካርድ፣ ባንድ ላይ በ999 ዶላር አቀረቡ። የትኛው ካርድ እንደሚደርስህ አታውቅም። ጀርባቸው ከእውነተኞቹ ስለሚለይ በውድድር ላይ አይፈቀዱም። ሺህ ዶላር ከፍለህ የምታገኘው፣ ሠሪው ራሱ «በውድድሬ አትጫወትበትም» የሚልህ ካርድ ነው።

አራቱን አንድ ላይ ሳያቸው አንድ ግስ ተለውጦ አገኛለሁ። የድሮው ማስታወቂያ «ተጫወት» ይል ነበር። ይኼኛው «ይኑርህ» ይላል። እነዚህ ሰዎች መጥፎ ስለሆኑ አይመስለኝም። መጫወትን ስንት ጊዜ ሊሸጡት ሞክረው እምቢ ስላላቸው፣ መያዝን ሸጡ።

የምኒልክ ቴምብር

እዚህ ላይ «የጥጋብ ነው፣ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ለሰብሳቢ መሸጥ እኛም አገር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ታተሙ። ቀራጩ ዩጂን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ናቸው፦ አራቱ የአፄ ምኒልክ ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ። ውብ ናቸው። ነገር ግን አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በኅዳር 1908 (ኖቬምበር) ነው። እስከዛ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በምኒልክ ቴምብር ብቻ ባሕር አይሻገርም፤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። አገር ውስጥ ደብዳቤ የሚላላከው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከነዛ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ የአውሮፓ ሰብሳቢዎች አልበም ውስጥ ገቡ። የአገር ስም ያስተዋውቃል፣ ገንዘብም ያስገባል፤ ተንኮል የለበትም። ግን አሠራሩ ያው ነው፦ ለመላኪያ የተሠራ የሚመስል፣ ለማስቀመጫ የተሸጠ እቃ።

አሁን የምወደው ክፍል። በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዛሬ ያ ንጹሕ፣ ያልተነካ የምኒልክ ቴምብር ብዙም ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ስለተቀመጠ። ብርቁ የተጓዘው ፖስታ ነው። ማኅተም የተመታበት፣ የሁለት አገር ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፈበት፣ የሰው እጅ ጽሑፍ ያለበት፣ ጠርዙ የተበላ። ለሰብሳቢ ተብሎ በንጽሕና የተቀመጠው ረከሰ፤ ሥራውን የሠራው ከበረ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የሚና ጨዋታ ሰብሳቢም እንዲህ ቢያስብ አይገርመኝም። ሺህ ያልተከፈተ ሳጥን ሺህ አንድ ዓይነት ሳጥን ነው። ሻይ የፈሰሰበት፣ ዳሩ ላይ «እዚህ ጋ ነርሱ ሞተ» ተብሎ በእርሳስ የተጻፈበት ፎቶ ኮፒ ግን በዓለም አንድ ብቻ ነው። እኛ ጋ አለ። አንሸጠውም።

የሰብሳቢው ገንዘብ

ሰብሳቢን ሰድቤ ብጨርስ ግን ፍርድ አጓደልኩ። በ2021 አቫታር ሌጀንድስ የተባለው የሚና ጨዋታ ኪክስታርተር ላይ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተውለታል። አሳታሚው ትንሽ ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ጸሐፊ ይቀጥራል፣ ሠዓሊ ያበላል። ልዩ ሽፋኑን የገዛው ሰው ሳያውቀው ለተራው ገዢ ድጎማ ይከፍላል። እኛ በነፃ የምናወርዳቸው ስንትና ስንት ጨዋታዎች በሌላ ሰው መደርደሪያ የተከፈሉ ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ምሳሌ ሞርክ ቦርግ ነው፤ የሁለት ስዊድናውያን፣ የፔለ ኒልሰንና የዮሃን ኖር ሥራ። ከዓለም መጨረሻ በፊት ባሉ ቀናት የሚካሄድ ጨለምተኛ ጨዋታ ነው። መጽሐፉ ቢጫና ጥቁር፣ እያንዳንዱ ገጽ ፖስተር የሚያህል፣ እንደ ሥዕል ኤግዚቢሽን የሚታይ ነው። ሰብሳቢ ቢሻማበት እውነት አለው። ነገር ግን ሠሪዎቹ ሥዕሉን ሁሉ አውጥተው ሕጉን ብቻ በተራ ፊደል በነፃ ለቀውታል። ያለህ ጎንደር ሆነ ስቶክሆልም፣ ጨዋታው አንድ ነው። ውበቱ ለሚፈልገውና ለሚችል ተጨማሪ ነው፤ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አይደለም።

መለኪያዬን ያገኘሁት ከዚህ ነው፦ ሳጥኑን ብትወስድ ጨዋታው ይቀራል ወይ? ከቀረ፣ ሳጥኑ ያሻውን ያህል ይጌጥ፤ ዓይን ያለው ይግዛው። ካልቀረ፣ ወይም ሳጥኑ ራሱ «አትጫወትብኝ» የሚል ከሆነ፣ ያ ነገር ጨዋታ የሚለውን ስም ተውሷል።

የኛ ሳጥን

ይኼ ሁሉ የሩቅ ትችት ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። እኛ አራታችን የራሳችንን የሚና ጨዋታ በአማርኛ እየጻፍን ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ተጫዋቾቹ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። አንዱ ደብተራ፣ አንዷ አዝማሪ፣ አንዱ ነፍጥ ያዥ መሆን ይችላል። በየኬላው ቀረጥ አለ፣ በየኬላው ክርክር አለ። ክርክሩ ላይ ዳይስ ከመጣልህ በፊት በአፍህ መሟገት ግድ ነው፤ የዚህ አገር ሰው ሙግት ሳይችል እንዴት ነጋዴ ይሆናል? ሕጉ 40 ገጽ ደርሷል።

የአክስቴ ልጅ ረቂቁን አነበበችና ወደደችው። ወዲያው ደግሞ ሒሳብ ሠራች። «መቶ ቅጂ ብቻ አውጡ» አለችን። «ሽፋኑ ብራና፣ ሳጥኑ እንጨት፣ እያንዳንዱ ቁጥር ያለው። ዋሽንግተን ላይ በሁለት መቶ ዶላር ይሻሙበታል።» ሃያ ሺህ ዶላር ማለት ነው። ሒሳቡ ላይ ስሕተት የለበትም። ጎንደር ውስጥ በጥራዝ ብንሸጠው ዕድሜ ልካችንን እዛ አንደርስም።

ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «እኔ እስማማለሁ» አለ። «እናንተ ደመወዝ አላችሁ።» ይኼን መልስ የሚሰጠው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። አስተማሪዋ ብራናው አልዋጥላት አለ። «ብራና የሚነበብ መጽሐፍ ይጻፍበታል እንጂ ሳጥን አይለብስም» አለች። ነርሱ ሌላ ነገር ጠየቀ፦ «መቶዎቹ ካለቁ በኋላ ጠዳ ያለ ልጅ በምን ይጫወታል?»

እኔ የማምነውን ልናገር። የሀብታም ዘመድ ገንዘብ ነውር አይደለም፤ የዚህ አገር ግማሽ ቤት የቆመው በሱ ነው። ናፍቆቱም እውነተኛ ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ጎንደርን መደርደሪያው ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ላይ የምስቅበት አፍ የለኝም። ነገር ግን መቶውን ሳጥን አስቀድመን ካወጣን፣ ጨዋታው ገና ሳይጫወቱት ቅርስ ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈ የሚና ጨዋታ የአማርኛ ተናጋሪ ወጣት በእጁ ሳይነካው መስታወት ውስጥ ይገባል። እንደ ምኒልክ ቴምብር፦ አልበም የሞላ፣ ደብዳቤ የሌለው።

ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 40 ገጹ በነፃ በቴሌግራም ይለቀቅ፤ ማንም ያትመው፣ ማንም ፎቶ ኮፒ ያድርገው። ሁለተኛ፣ ሳጥን ከሠራን ውስጡ በነፃው ላይ የሌለ አንድም ሕግ አይኑርበት። ሦስተኛ፣ የሚቆጥር ሰዓት አይኑር፤ የፈለገ በፈለገ ጊዜ ያዝዝ። ዋጋው ላይ አልከራከርም፤ ሁለት መቶም ይሁን ሦስት መቶ። መጀመሪያ ከሚገባው ገንዘብ የባጃጁ ልጅ ድርሻ ይከፈል፤ ግማሹን የጻፈው እሱ ነው።

በመጀመሪያው ተስማምተናል። በሦስተኛው ላይ የአክስቴ ልጅ «ሰዓት ከሌለው ማን ይገዛል?» እያለች እስካሁን በድምፅ መልእክት ትሟገተኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። የገዢውን ልብ ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ እኔም እኮ ገዢ ነኝ።

ልዩ ሽፋን ያለውን መጽሐፌንስ? ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ቤት ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር አወረድኩ። ትምህርት ቤት ሳለን መስከረም ላይ እንደምናደርገው፣ ጠርዙን አጥፌ፣ በፕላስተር ይዤ፣ መጽሐፉን ሸፈንኩት። ያ ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ የመጣው ሥዕል አሁን አይታይም፤ ከላይ ያለው የታኅሣሥ ወር ነው። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ። ነርሱም ፍርፍሩን ይዘዝ።